መጣፍና መጣል

ሰው በአገሩ ሳለ ከማያስባቸው ነገሮች አንዱ፥ የተተረተረ ልብሱን ማን እንደሚሰፋለት፥ ያለቀ የጫማውን ሶል ማን እንደሚለውጥለት ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው የሱሪው ጠርዝ ቢፈታ፥ ከደጁ ወጥቶ ጥቂት ከተራመደ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ተክሎ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ አያጣም። ሰፊውም ሱሪውን ተቀብሎ ገለበጥ ገለበጥ ያደርግና «ከሰዓት በኋላ ይምጡ» ይለዋል፤ ሥራ ካልበዛበትም «እዚሁ ይቀመጡ» ብሎ በርጩማውን ያቀርብለታል። ጫማው ቢላቀቅ ሊስትሮው ማስቲሹንና ወስፌውን ይዞ በየማዕዘኑ አለ። ቁልፍ ቢበጠስማ በቤት ውስጥ ከእናት ወይም ከእኅት፥ ካልሆነም ከጎረቤት መርፌና ክር አይታጣም። ስለዚህ ነገሩ እንደ አየር ሳይታሰብበት ይኖራል።

ይህ ያልታሰበበት ነገር አሳብ የሚሆነው ሰው ከአገሩ ሲወጣ ነው። በሰው አገር የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ከቤት የያዙት ልብስ አብሮ ያልቃል፤ ያን ጊዜም እንግዳው ከቶ ያልጠበቀው ሒሳብ ይገጥመዋል። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ሒሳብ መናገር እፈልጋለሁ። ምሳሌውን የማመጣው ከጀርመን አገር ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ እዚያ ጎልቶ ይታያል፤ ደግሞም ከ1966 ዓ. ም. አብዮት ወዲህ ከአገራቸው የወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን በፍራንክፉርትና በሌሎቹም ከተሞች ትዳር መሥርተው፥ ልጅ ወልደው ይኖራሉና ነገሩ የባዕድ ነገር ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ዓ. ም. ካልተባለባቸው በቀር፥ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በ30 ዩሮ የገዛው የብርድ ጃኬት ዚፑ ተሰበረ እንበል። ወደ ልብስ ሰፊ ይዞት ቢሄድ አሮጌውን ዚፕ ፈትቶ ሌላ ለመትከል 20 ወይም 25 ዩሮ ይጠየቃል እንበል። ከሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት ደግሞ፥ ክረምቱ ሊያልፍ በመቃረቡ ዋጋው የወረደ አዲስ ጃኬት በዚያው ገንዘብ ተሰቅሎ ይታያል። የአዲሱን ዋጋ ከፍሎ አሮጌውን ለብሶ የሚመለስ ሰው ሞኝ አይባልምን?

በዚህ ጊዜ በሰውዬው ልብ ውስጥ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንዱ የነጋዴ ድምፅ ነው፤ «ጣለውና አዲሱን ግዛ፤ ገንዘብህ ያው ነው» ይለዋል። ሁለተኛው የአያት ድምፅ ነው። በአያቶቻችን ቤት ልብስ ይለወጣል እንጂ አይጣልም ነበር። ጋቢ ሲሳሳ ለሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ መጠቅለያው ሲቀደድ እራፊው ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ትንሽ ቀዳዳም ስትታይ «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ተብሎ በዚያው ዕለት ትጣፋለች። በእርግጥ ይህን ያደረጉት ከጥበብ ብቻ ሳይሆን ከማጣትም ነው። ጨርቅ ውድ ነበረና። እንግዲህ ጨርቅ ሲረክስ የአያት ምክር አብሮ ይሽራልን? ጥያቄው የዚፕ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ሥሩ ሩቅ ነው።

ይህን ሥር ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ ከዚያው ከጀርመኖች የተወለደው ኢማኑኤል ካንት ነው። ካንት ስሙ በፈላስፎች ዘንድ የገነነ ይሁን እንጂ አባቱ በኬኒግስበርግ ከተማ የፈረስ ዕቃ ሰፊ፥ ማለት ጠፍርና ልጓም በወስፌ እየሰፋ የሚኖር ባለ እጅ ነበረ። ልጁ በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፍ ውስጥ ያስቀመጠው አሳብ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ይሆናል፤ በዓለም ያለ ነገር ወይ ዋጋ አለው፥ ወይ ክብር አለው፤ ዋጋ ያለውን ነገር እኩያው ሊተካው ይችላል፤ ከዋጋ ሁሉ በላይ የሆነና እኩያ የማይገኝለት ግን ክብር አለው፤ ክብርም የሚገባው አሳብና ፈቃድ ላለው ለሰው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በአማርኛ «ረከሰ» የሚለው ቃል ዋጋው ዝቅ አለ ማለት ነው፤ እንደገናም ክብሩን አጣ፥ ጐደፈ ማለት ነው። «ውድ» የምንለው ደግሞ በብዙ ገንዘብ የሚገዛውንም፥ የምንወደውንም ነው። ካንት በብዙ ድካም የለያያቸውን ሁለት ነገሮች የእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል አስሮ ይዟቸዋል። ይህ ጉድለት ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ቋንቋው አንድ የሚያስጠነቅቀን ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ይኸውም አንድ ነገር ሲረክስ ሌላ ነገር አብሮት እንዳይረክስ መመልከት እንደሚገባ ነው።

ጃኬት ዋጋ እንጂ ክብር እንደሌለው ግልጥ ነው። ቢጠፋ ሌላ ይተካዋል። ስለዚህ በካንት ሚዛን ነጋዴው የረታ ይመስላል። ዳሩ ግን ጃኬቱ ራሱን አልሰፋም፤ ዚፑም ራሱን አይተክልም። በሁለቱ ዋጋዎች ጀርባ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንደኛው ሜትሩን በአንገቱ አንጠልጥሎ በፊታችን የምናየው፥ ሁለተኛው ፈጽሞ የማናየው ነው። «አዲሱ ከጥገናው ይረክሳል» ስንል ጃኬትን ከጃኬት ያወዳደርን ይመስለናል እንጂ በእውነቱ ያወዳደርነው ሰውን ከሰው ነው።

ብዙ ሰዎች ልብስ ዛሬ በመኪና ስለሚሰፋ የሰው እጅ የለበትም ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው። ፈረንሳዊው ቲሞኒዬ በ1830 የስፌት መኪና መብቱን አስመዝግቦ ለወታደር ልብስ መስፋት በጀመረ ጊዜ፥ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው በ1831 ሱቁን ሰብረው መኪናዎቹን አጠፉበት። ፍርሃታቸው በከፊል ብቻ ደረሰ። መኪናው የመርፌውን ፍጥነት ጨመረ እንጂ ሰፊውን ከወንበሩ አላስነሣውም፤ ምክንያቱም ጨርቅ እንደ ብረት ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር አይደለም፤ ይተጣጠፋል፥ ይሸሻል፥ ይለጠጣል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ የሸሚዝ እጅጌ ከትከሻው ጋር ሲጋጠም ጨርቁን ከመርፌው በታች የሚመራው የሰው ጣት ነው። የልብስ ሥራ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ከአገር ወደ አገር የሚዞርበትም አንዱ ታላቅ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ሁለቱን እጆች እናስተያያቸው። በጀርመን አገር ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ የሥራ ዋጋ ለአንድ ሰዓት 12 ዩሮ ከ41 ሳንቲም ነበረ። የሰፊው ሱቅ ኪራይ፥ መብራት፥ ግብርና የጤና ዋስትናም ከዚህ በላይ ይጨመራል። በባንግላዴሽ አገር ደግሞ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 12,500 ታካ ሆነ፤ ይህም በጊዜው ምንዛሪ 113 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነው። እንግዲህ ባንግላዴሻዊቱ ወሩን ሙሉ ሰፍታ የምታገኘው፥ ጀርመን አገር ያለ ሠራተኛ በአንድ የሥራ ቀን ያህል የሚያገኘው ነው። ዚፑን መትከል የተወደደው ዚፑ ስለ ተወደደ አይደለም፤ የሰፊው ጊዜ እንደ ሰው ጊዜ ስለ ተቈጠረ ነው። ጃኬቱም የረከሰው የሰፊዋ ጊዜ እንደዚያ ስላልተቈጠረ ነው።

ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ. ም. ከዳካ ከተማ አጠገብ፥ ሳቫር በሚባለው ስፍራ፥ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ወደቀ። በውስጡ በርካታ የልብስ ፋብሪካዎች ነበሩ። የሞቱት ሰዎች 1,134 ናቸው። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ስለ ነበረ በሕንፃው የታችኛው ክፍል የነበሩት ባንክና ሱቆች ሥራቸውን ዘጉ፤ የልብስ ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ ተመልሰው እንዲገቡ ተደረጉ። የባንኩ ሠራተኛ ሕይወትና የሰፊዋ ሕይወት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሳሉ የተመዘኑት በአንድ ሚዛን አልነበረም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ሐዋሳን ያስታውስ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ. ም. ሲመረቅ፥ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የወጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ፤ የሰፉትም ልብስ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተጫነ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የጥናት ማዕከል በ2019 ባወጣው ጽሑፍ የጀማሪዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ነበረና፥ በዓለም ላይ ለውጭ ገበያ ልብስ ከሚሰፉት አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደ ሆነ ተናገረ። እንግዲህ በፍራንክፉርት ገበያ ርካሽ ሸሚዝ የሚያነሣ ኢትዮጵያዊ የገዛ እኅቱ ያጋጠመችውን እጅጌ አንሥቶ «እንዴት ረከሰ!» ብሎ ተደንቆ ይሆናል።

በዚህ ስፍራ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ እርሱንም አድበስብሼ ማለፍ አልሻም። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፤ «የሐዋሳዋ ልጅ የምትበላው እኛ ስንገዛ አይደለምን? ከጥር 2022 ጀምሮ የኢትዮጵያ ዕቃ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መግባቱ በቀረ ጊዜ ብዙዎቹ ልጆች ሥራቸውን አጡ፤ ያን ጊዜ 26 ዶላሩ ትንሽ መሆኑን ሳይሆን መቅረቱን አለቀሱ። ሁሉም ሰው አሮጌውን እየጣፈ ቢለብስ ፋብሪካው በማን ይቆማል?»

ይህ አነጋገር እውነት አለበት። ጃኬቴን ማስጠገኔ ለሐዋሳዋ ልጅ አንድ ሳንቲም አይጨምርላትም፤ ይጨምርላታል የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ደግሞስ ጥቂት ዩሮ ከደመወዙ ቈጥቦ በየወሩ ለእናቱ የሚልክ የቀን ሠራተኛ «ለምን አላስጠገንክም» ተብሎ ሊወቀስ ይገባዋልን? በእኔ ፍርድ አይገባውም። ለእርሱ 20 ዩሮ የአንድ ዚፕ ዋጋ አይደለም፤ የእናቱ የሽንኩርትና የዘይት ነው። በድኻ ጫንቃ ላይ የባለጠጋን ኅሊና የሚጭን ግብረ ገብነት እኔ አልወደውም።

ነገር ግን ተቃዋሚው ከአንድ እውነት ተነሥቶ ወደ ሌላ ያልተረጋገጠ ነገር ይዘላል። ልጅቱ ከእኛ መግዛት ትጠቀማለች ማለት፥ እኛ የሠራችውን በሦስት ወር እንድንጥለው ትጠቀማለች ማለት አይደለም። የሚጠቅማት ሰዓቷ እንደ ሰዓት መቈጠሩ ነው። ያን ሊያደርግ የሚችለው በመጀመሪያ ሰዓት እንደ ፈጀባት የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ዕውቀት ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ መርፌ ያስተምራል። አንድ ሰው በብርድ አገር፥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፥ የሱሪውን ጠርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ሲዘመዝም ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስፌቱም ይጣመማል፥ ጣቱም ይወጋል። ከዚያ በኋላ በአምስት ዩሮ የተሰቀለ ሙሉ ሱሪ ሲያይ ዓይኑ እንደ ቀድሞው አያይም፤ ስንት ሜትር ስፌት እንዳለበት ሳይወድ ይቈጥራል። ድኻው ሠራተኛ ማስጠገኛ ባይኖረውም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ብዙዎቹም ያደርጉታል። አንዳንዱ ወንድ መርፌ መያዝ ያፍር ይሆናል፤ ነገር ግን በአገራችን ፈትል የሴት ሥራ ሆኖ ሲኖር ሽመና የወንድ ሥራ እንደ ነበረ ቢያስታውስ እፍረቱ የትናንት እንጂ የጥንት አለመሆኑን ይረዳ ነበር።

ስለ እፍረት ከተነሣ ዘንድ ስለ ጠጋኙ ማዕርግ ልናገር። በጀርመን ከተሞች በየመንገዱ «ኤንደሩንግስሽናይደራይ» የሚል ረዥም ጽሑፍ የተሰቀለባቸው ትናንሽ ሱቆች አሉ፤ ትርጓሜው የተሰፋ ልብስ የሚስተካከልበት ቤት ማለት ነው። ገብቶ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የቱርክ ተወላጅ ወይም ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርመንና ቱርክ በ1961 በተዋዋሉት ውል ብዙ ቱርኮች ለፋብሪካ ሥራ መጡ፤ ቅጥሩ በ1973 ሲቆምም ብዙዎቹ በዚያው ቀርተው ቤተ ሰባቸውን አስመጡ፤ ሱቅ መክፈት የፈለገውም ወደ ተከፈተለት በር ሄደ። በሩን የከፈተው ሕግ ነው። በ1953 በወጣው የጀርመን የእጅ ሙያ ሕግ መሠረት አዲስ ልብስ ቈርጦ የሚሰፋ ሰው የራሱን ሱቅ ለመክፈት «ማይስተር» የሚባለውን የሙያ ማዕርግ በፈተና ማግኘት ነበረበት። የተሰፋውን የሚያሳጥረው፥ የሚያጠበውና የሚጥፈው ሰው ሥራ ግን «የእጅ ሙያን የሚመስል» ተብሎ ዝቅ ባለ መዝገብ ስለ ተጻፈ ይህ ማዕርግ አይጠየቅበትም። ለአዲስ ልብስ ሰፊዎችም ቢሆን ግዴታው የተነሣው ከ2004 ጀምሮ ነው።

ነገሩ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ዝቅ ያለው በር ለእንግዳ እንጀራ ሆነለት። በሌላ በኩል ግን ሕጉ ሳያስበው አንድ ፍርድ ፈረደ፤ መሥራት ሙያ ነው፥ መጠገን ግን ሙያን የሚመስል ነገር ነው የሚል ፍርድ። ይህን ሥራ በእጁ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይፈርድም። አዲስ የሚሰፋ ሰው ጨርቁን እንደ ፈቀደ ይቈርጣል፤ የሚጠግነው ግን ሌላ ሰው የሠራውን፥ ሌላ ሰው የለበሰውን፥ ጊዜም ያሳሳውን ተቀብሎ፥ የመጀመሪያው ሰፊ ምን አስቦ እንደ ነበረ ከስፌቱ አንብቦ መጀመር አለበት። የካንት አባት የነበረበት የፈረስ ዕቃ ሰፊዎች ማኅበር ከኮርቻ ሠሪዎች ማኅበር ጋር በሥራ ድንበር ተጣልቶ እንደ ነበረና አባቱ በዚህ ነገር እንደ ተጐዳ ይነገራል፤ ልጁ በእርጅናው ዘመን ያስታውሰው የነበረው ግን ወላጆቹ በቤት ውስጥ ሲነጋገሩ እንኳ ስለ ባላጋራዎቻቸው በአክብሮት ይናገሩ እንደ ነበረ ነው።

እኛም በዚህ ነገር በፈረንጅ ለመፍረድ አንደበት የለንም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ቆዳ ፋቂው በሥራው ምክንያት ሲሰደብና ሲገለል ኖሮ፥ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዐዋጁ ስድቡን ከአደባባይ አወጣው፤ ከልብ ግን እስኪወጣ ብዙ ዘመን ፈጀ፥ አሁንም ጨርሶ አልወጣም። በሰው አገር ደግሞ አስተማሪ የነበረው ሰው የሰው ቤት ሲጠርግ፥ የባለ ሥልጣን ልጅ ከልብስ ንጽሕና ቤት ካውያ ሲገፋ አይተናል። ይህ ለውጥ በአንዳንዱ ሰው ላይ ምሬትን ብቻ ያመጣል። በሌላው ግን ቀድሞ በበረንዳ ላይ ያለውን ሰፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ያልፍ እንደ ነበረ ያሳስበዋል።

ከዋጋው ሌላ የመተማመን ነገር አለ። ጫማ ወይም ልብስ የሚያስጠግን ሰው የተበላሸው ምን እንደ ሆነ ራሱ አያውቅም፤ ጠጋኙ የነገረውን ከማመን በቀር ምርጫ የለውም። ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ ሲሆን ደግሞ በጠጋኙ ፊት እንደ ሕፃን ነው። ካንት ከላይ በጠቀስሁት መጽሐፍ አንድ ባለ ሱቅ በምሳሌ ያመጣል፤ ይህ ባለ ሱቅ ገበያ ለሚያውቀውም ለሕፃንም አንድ ዋጋ ይጠይቃል። ነገር ግን ይህን ያደረገው ግዴታውን አክብሮ ነው ወይስ ደንበኛ እንዳይሸሸው ፈርቶ? ፈላስፋው ለጥቅም ሲባል የተደረገውን ታማኝነት እውነተኛ ምግባር ብሎ ሊቀበለው አልወደደም።

በዚህ ነጥብ ላይ እኔ ከታላቁ ሰው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አንድ ጫማ ሰፊ ያመጣሁለትን ጫማ አጠፍ ዘርጋ አድርጎ ካየ በኋላ «ይህስ አይረባም፤ በዚህ ላይ ገንዘብዎን አይክሰሩ» ቢለኝ፥ በዚያች ቃል የዕለት እንጀራውን ከፊቱ ገፋ። ነገ ሌላ ጫማ ይዤ እንድመለስ አስቦ ይሆናል፤ ይሁን። የልቡን ጓዳ ለመበርበር እኔ ማን ነኝ? በዚያ አገር ጫማ የሚጠግነውና የቤት መክፈቻ የሚቀርጸው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆኑ ለሐበሻ እንግዳ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሲያስቡት ተገቢ ይመስላል። የቤታችንን መክፈቻ አምነን በእጁ የምናኖርለት ሰው እርሱ ነው። እንዲህ ያለው መተማመን በአንድ ጊዜ አይገኝም፤ በመመላለስ ይገኛል፤ የሚጥል ሰው ደግሞ አይመላለስም። ርካሹን ዕቃ ከሸጠለት ሰው ጋር ፊት ለፊት ተያይቶም አያውቅ ይሆናል።

መንግሥታት ይህን ነገር ዘግይተውም ቢሆን አስበውበታል። ስዊድን በ2017 የጫማ፥ የልብስና የብስክሌት ጥገና ታክስን ከመቶ 25 ወደ 12፥ በ2022 ደግሞ ወደ 6 አውርዳ ነበር፤ በ2023 ግን ወደ 25 መለሰችው። ፈረንሳይ ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ ልብስና ጫማ ለሚያስጠግን ሰው ከዋጋው ጥቂት ይቀነስለት ዘንድ አደረገች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ስለ ጥገና መብት ያወጣው ሕግ የሚያስገድደው እንደ ልብስ ማጠቢያ መኪናና እንደ ስልክ ያሉትን ዕቃዎች ነው፤ ልብስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ከሕግም ውጭ ማርቲነ ፖስትማ የተባለች ሆላንዳዊት በ2009 በአምስተርዳም የጥገና ቡና ቤት የሚሉትን ልማድ ጀመረች፤ ጎረቤቶች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ቡና እየጠጡ የተሰበረውን በነጻ ይጠጋገናሉ፤ ልማዱም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። መልካም ነገር ነው። ይሁን እንጂ ባለ ጡረታው መሐንዲስ በፈቃዱ በነጻ የሚሰፋው ዚፕ ከማዕዘኑ ላይ ካለው ቱርካዊ የቀረ ዚፕ እንዳይሆን ማሰብ ይገባል፤ አንዱ ለጨዋታ የሚሠራውን ሌላው ለኪራይ ይሠራዋልና።

እስካሁን የተናገርሁት ምትክ ስላለው ልብስ ነው። ምትክ የሌለውስ? አንዲት የማውቃት ሴት ከአገሯ ይዛው የሄደችው ነጠላ ከጥለቱ አጠገብ ተቀደደባት። ወደ ሰፈሯ ልብስ ሰፊ፥ ወደ አንድ ሸምገል ያለ ሰው፥ ወሰደችው። ሰፊው መነጽሩን አድርጎ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣና ብዙ ጊዜ ተመለከተው። መኪናዬ ይህን ክር ይጐትተዋል፥ እኔ አልነካውም አለ፤ ዋጋም አልጠራም። ይልቁንም ጨርቁን እንዳጠፈ ማን እንደ ሠራው ጠየቃት። ፈትሉ የእናቷ እንደ ሆነ ነገረችው። «የሸመነውስ?» አላት።

ማታ ወደ አዲስ አበባ ደውላ እናቷን ጠየቀች። እናትዮዋም ጥቂት አስበው፥ «ያ እንኳ ከወንዙ ማዶ የነበረው ሸማኔ ነው» አሉ፤ ልጆቹንም፥ ቤቱንም፥ ለጥለቱ ስንት እንዳስከፈላቸውም አስታወሱ። ስሙን ግን ሊያስታውሱት አልቻሉም። ነጠላው በሚቀጥለው መንገደኛ እጅ ወደ ሽሮ ሜዳ ተላከ።